ጋሽ ሐምዱ የሻሩት ጎል

እሑድ ታኅሣሥ 6 ቀን 2006 ዓ.ም. ጁባ ላይ የተጀመረው የኮንዮ ኮንዮ ገበያ ነጋዴዎችና የቢሮ ሠራተኞች ግጥሚያ እስከ ዛሬ አላለቀም። የኢትዮጵያውያኑን ውድድር መዝገብ የምትይዘው ሀይፋ የውጤቱን ቦታ ባዶ ትታው ነበር። ዩኒቨርሲቲ የተማረችው ታሪክ ነው፤ ያላለቀን ነገር አለቀ ብሎ መጻፍ ያንገሸግሻታል።

ሀበሻ ባለበት አገር ሁሉ ስህተቱን የማያምን ሰው አይጠፋም። እንዲህ ያለው ብርቅ አይደለም። ብርቁ ስህተቱን ወዲያው አምኖ፣ ይቅርታም ጠይቆ፣ ከውሳኔው ግን ንቅንቅ የማይለው ነው። ከዚህኛው ዘር ለጁባ የደረሳት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሀይፋ አጎት፣ የዘይትና የዱቄት አከፋፋዩ፣ ክቡር ዳኛ ጋሽ ሐምዱ።

ጋሽ ሐምዱ ዳኝነትን የተማሩት ከሱቃቸው ነው። ከሚዛኑ በላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ሰቅለዋል። ደንበኛ ዱቄቱን ነቀዝ በልቶታል ብሎ ሲመጣ ነቀዙን አብረው ያያሉ፣ አብረው ያዝናሉ፣ ሻይ ያስመጡለታል፤ ዱቄቱን ግን አይቀበሉም። ሜዳ ላይም እንዲሁ ነበሩ። ዳኛ ውሳኔውን መለወጥ የሚችለው ጨዋታ እንደገና እስኪጀመር ድረስ ነው፤ ይህ የኳስ ሕግ ነው፣ ማንም አይክደውም። «ኳስ ከተነካች ማፊ ከላም» የምትለዋ ግን የራሳቸው ነበረች። ማፊ ከላም በጁባ ዐረብኛ «ወሬ የለም» ማለት ነው፤ እሳቸው አፍ ላይ ስትውል ከሰበር ሰሚ ችሎት ትበልጥ ነበር።

አንድ ጊዜ ጥፋት የሠራውን ትተው ከዳር ጎንበስ ብሎ የነበረውን የገዛ ሸሪካቸውን በቀይ አስወጡ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ጫማዬን እያሰርኩ ነበር» አላቸው።

«አሁን ገና ገባኝ ወንድሜ፣ አፉ በለኝ። ግን ኳሷ ተነካች። ውጪ ሆነህ አጥብቀህ እሰረው።»

ሠርግ ተጠርተው ቀኑን ተሳስተው በዋዜማው የሄዱ ዕለትም አልተመለሱም። ድንኳን ተካዮቹን ሲያግዙ አመሹ።

በዚያ እሑድ ጨዋታው ሁለት ለሁለት ሆኖ ሳለ ኳስ ለቢሮዎቹ በሚጫወተው በአለባቸው እግር ሥር ወደቀች። አለባቸው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ሰውነቱ ሰፊ፣ ማልያው ጠባብ። ከልጅነቱ ጀምሮ ተጫውቷል፣ አንድም ጎል አግብቶ ግን አያውቅም። መታት፣ ገባች። ማልያውን ለማውለቅ ሲታገል ፊሽካ ተነፋ። የመስመር ዳኛው ከቢር ባንዲራውን አንሥቷል፤ ጋሽ ሐምዱም ኦፍሳይድ ብለው ጎሉን ሻሩ።

ከቢር ባንዲራውን ያነሣው ግን በመንገዱ የሚያልፍ ባለሞተር ቦዳቦዳ ለመጥራት ነበር። ይህን ሊናገር ሮጦ እስኪደርስ የነጋዴዎቹ በረኛ ቅጣት ምቱን አጠገቡ ለቆመው ተከላካይ ገፋ አድርጎለታል።

«ኦፍሳይድ አልነበረም?» አሉ ጋሽ ሐምዱ።

«ወላሂ አልነበረም። ሞተር ነው የጠራሁት።»

«አለባቸው፣ ይቅርታ። ጎልህ የጠራ ጎል ነበር።»

«እና ያጽድቁልኛ።»

«ኳሷ ተነካች። ማፊ ከላም።»

የቢሮዎቹ አንጫወትም ብለው ሜዳው ላይ ቁጭ አሉ። ነጋዴዎቹም ቆሞ ከመጠበቅ ብለው ተቀመጡ። ሲመሽ ቀሪው ለሚቀጥለው እሑድ ይሁን ተባለ። ሌሊቱን ከተማው ውስጥ ተኩስ ተከፈተ፤ የሚቀጥለው እሑድ ኳስን ያሰበ ሰው አልነበረም።

ከአለባቸው በቀር። እሱ እየተከራከረ ጋሽ ሐምዱን «ጁባ ና ባሪ» ሰፈር እስካለው ቤታቸው ድረስ ተከትሏቸው ስለነበር ተኩሱ እዚያው ያዘው። ጋሽ ሐምዱ፣ ባለቤታቸው እትዬ ሐቢባ፣ ሀይፋና አለባቸው ወለል ላይ ተኝተው ሰነበቱ።

«ጋሼ» አለ አለባቸው ከአልጋው ሥር። «እንግዲህ ልንሞትም እንችላለን።»

«አላህ ያውቃል።»

«ጎሌን ያጽድቁልኝና ልሙት።»

«በሐሰት ፍርድ ልሸኝህ?»

«ሁለታችሁም» አሉ እትዬ ሐቢባ፣ «ማፊ ከላም።»

ጋሽ ሐምዱ ያለቻቸውን አንዲት ፍራሽ ለአለባቸው ሰጡት። ጎሉን አልሰጡትም።

በ2007 አለባቸው ወደ አዲስ አበባ መዛወሩ ተነገረው። ሀይፋን ሊሰናበታት መጥቶ «በቃ፣ ሁለት ለሁለት ብለሽ ጻፊው» አላት። ይህን ያህል ዘመን የጮኸ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር መስማት ከበዳት። ለአጎቷ ነገረቻቸው። ያን ዕለት ሻያቸውን ሳይጠጡ ተነሡ።

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ሐምዱ ዘይት ሊያደርሱ ከወንዙ ማዶ ወዳለው ሸሪካት ሰፈር ተሻግረው የሰፈር ጨዋታ ለማየት ቆሙ። በረኛው ቅጣት ምቱን እዚያው አጠገቡ ላለው ጓደኛው ገፋ ሲያደርግ ዳኛው ፊሽካ ነፍቶ አስደገመው።

«ለምን?» አሉት ጋሽ ሐምዱ ከዳር ሆነው።

«ያ ሐጅ» አላቸው በዐረብኛ አክብሮ፣ «ኳሷ ከቅጣት ክልሉ አልወጣችም። ካልወጣች ጨዋታ አልተጀመረም።»

ቤት ገብተው ሀይፋን የዚያን ጊዜውን የኳስ ሕግ አስነበቧት። ሰውየው እንዳለው ነበር። ደግመሽ አንብቢው አሏት፤ ደገመችው።

«ያን ዕለት የነጋዴዎቹ ተከላካይ የት ነበር የቆመው?»

«በረኛው አጠገብ። ክልሉ ውስጥ።»

«እንግዲያው ጨዋታ አልተጀመረም ነበር። ከዚያ ወዲህስ ተጀምሯል?»

«የት ተጀምሮ።»

«እንግዲያው መለወጥ እችላለሁ» አሉ። «ያን ዕለትም እችል ነበር።»

በማግሥቱ ወባ ጀማምሯቸው ነበር። እትዬ ሐቢባ ቢለምኗቸውም ቦዳቦዳ ይዘው ባንክ ሄዱ፤ ወረፋ ጠብቀው፣ እየተንቀጠቀጡ፣ ጉዞውን ገና ካልጀመረው ከአለባቸው መስኮት ደረሱ።

«ቀጣይ» አለ አለባቸው ቀና ሳይል።

ጋሽ ሐምዱ ፊሽካቸውን ነፉ፣ እጃቸውንም ወደ አዳራሹ መሀል ዘረጉ። የጎል ምልክት ነው። ጥበቃው እየሮጠ መጣ። አለባቸው ብድግ ብሎ ቆመ፤ ማልያ ስላልነበረ ከረባቱን አወለቀ።

ወባው በዚያው ሳምንት ወሰዳቸው። ሀይፋ ሦስት ለሁለት ብላ ጽፋ ከጎኑ «ጨዋታው አላለቀም» የሚል ጨመረች። ሰዎች ለቅሶ ላይ ስለ አጎቷ የመጨረሻ ንግግር ብዙ ያወራሉ፤ እሷ ያልሰማችውን አታጸድቅም። የምታውቀው ይህን ብቻ ነው፦ ከባንኩ እንደ ወጡ በኮንዮ ኮንዮ በኩል ዞረው፣ እትዬ ሐቢባ ለማሰፋት የሰጡትን ጥቁር ጫማ ከጫማ ሰፊው ተቀብለው፣ ስፌቱን በጣታቸው ፈትሸው፣ ቤት አምጥተው በሩ ሥር ጎን ለጎን አስቀመጡላቸው።