የዘበኛ አንድ የሕይወት ታሪክ

ናሁሰናይ ትናንት ከሰዓት በኋላ ሕልም አየ። አልጋው ላይ ሆኖ ቢያየው ምንም አልነበረም፤ እሱ ያየው አዳማ ውስጥ፣ አንድ የወጣቶች ማዕከል አዳራሽ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያውም የራሱ ፊልም እየታየ ነው። የቆርቆሮው ጣራ ፀሐዩን ጠጥቶ ጠጥቶ ወደ ታች ይተፋዋል። ናሁሰናይ ደግሞ ሰሞኑን ፊልሙን ሲቆራርጥና ሲቀጥል ዓይኑን በቅጡ አልከደነም።

እንቅልፉ ግን የድካም ብቻ አልነበረም፤ የመሸሽም ነበረበት። ከኋላው ጋሽ ይርዳው ተቀምጠዋል። ጋሽ ይርዳው የእህል መጋዘን ዘበኛ ናቸው። መጋዘኑን ለቀረጻ ያስፈቀዱለት እሳቸው፣ በፊልሙ መጀመሪያ ላይ በሌባ እጅ ተገድለው የሚወድቁትም እሳቸው። የቲማቲም ድልህ ደረታቸው ላይ ተደፍቶ ጉንዳን ሲወራቸው እንኳ «ሬሳ ገላውን አያክም» ብለው ንቅንቅ አላሉም።

ከዚያ ናሁሰናይ ፊልሙን ለሙከራ ቴሌግራም ላይ ለወዳጆቹ ለቀቀው። ወዳጆቹም በአንድ አፍ «መግቢያው ይንዛዛል፤ ሽማግሌው ይውጣ» አሉ። አወጣቸው። አሁን ፊልሙ የሚጀምረው መርማሪው መሬት ላይ በጠመኔ የተሰመረ የሰው ቅርጽ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ነው። ሽማግሌው ግን መውጣታቸውን አልሰሙም፤ ባለቤታቸውን እትዬ ዘውድነሽንና የሰፈሩን ግማሽ አስከትለው መጥተዋል። ናሁሰናይ «እነግራቸዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ» ሲል ሰንብቶ፣ በር ላይ አቅፈው ሲስሙት እንኳ አፉ አልታዘዘለትም። ፊልሙ ሲጀምር ዓይኑን ጨፈነ፤ እንደጨፈነም ቀረ።

በሕልሙ አዳራሹ የእድር ድንኳን ሆነ። ተመልካቹ ነጠላውን ዘቅዝቆ በሰልፍ እየገባ ናሁሰናይን ይጨብጠዋል።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አሉ አንዲት ወፍራም ሴትዮ እንባቸውን እየጠረጉ። «ድምፁ ግን ይቆራረጣል።»

«ነፍስ ይማር» አለ ከኋላቸው ያለው ሰውዬ። «ካሜራውን የያዘው ልጅ ወባ ነበረበት እንዴ?»

ሦስተኛው እጁን ይዞ አልለቅ አለ። «ብዙ ተሠቃየ?»

«ማን?»

«ፊልሙ ነዋ።»

«ኤዲቲንግ ላይ ትንሽ ሰንብቷል።»

«እንኳን ተገላገለ» ብሎ ሰውየው ንፍሮውን ዘገነ።

ናሁሰናይ አየር ልቀበል ብሎ የድንኳኑን ሸራ ገለጥ ቢያደርግ ፖሊስ ጣቢያ ገባ። እዚያ የተዘረፉት ሰዎች ጠረጴዛ ይዘው ተንሰራፍተዋል፤ ፖሊሶቹ ኮፍያቸውን አውልቀው ተሰልፈዋል፤ አንድ በአንድ እየቀረቡ ምንም እንዳላዩ ቃላቸውን ይሰጣሉ። ጥጉ ላይ የፊልሙ ገዳይ ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ የፊልሙን መርማሪ ይመረምራል።

«ወንጀሉ ሲፈጸም የት ነበርክ?»

«ቤቴ፣ ጌታዬ።»

«አየህ? ሰው ሥራ ላይ ሲደክም አንተ ቤትህ! ለመሆኑ ማንን ገድለሃል?»

«ማንንም።»

«ማስረጃ አለህ?»

መርማሪው ማስረጃ አልነበረውምና አለቀሰ። ናሁሰናይን ሲያይ ደግሞ ባሰበት። «አንተ ንገርልኝ እንጂ! ገዳዩን ፈልግ አልከኝ፣ ፈለግኩ። የሞተውን ሰው ግን መቼ አሳየኸኝ? ጠመኔ እያየሁ ነው እኮ እንዲያ የተናደድኩት!»

ናሁሰናይ ወዲያው ወደ ግምገማ ኮሚቴው ተጠራ። ኮሚቴው በጎች ነበሩ። ድርሰቱን እየተቀባበሉ ያመነዥኩታል።

«ጨው ይጎድለዋል» አለች ሰብሳቢዋ። «የመጀመሪያው ገጽ ላይ ትንሽ ነበረው፤ የሽማግሌው ላብ መሰለኝ። ማን ነው የቀደደው?»

«ተመልካቹ አውጣው ስላለኝ ነው።»

«ሌላ ሰው ሲጮኽ ትሰማለህ ማለት ነው?»

«አስተያየት ነዋ፤ እሰማለሁ።»

ሰብሳቢዋ ወደ ጓደኞቿ ዞረች። «እኛ ካራ ሲሳል ስንጮኽ ማን ሰምቶን ያውቃል?» አለችና ቀሪውን ገጽ በሐዘን ዋጠችው።

በዚህ መሐል ለቀስተኛው ተነሣ። አስከሬን የለም። ያንን በጠመኔ የተሰመረ ቅርጽ እንደ ምንጣፍ ከመሬት ገፈፉት፤ ነፋስ እንዳይወስደው ጫፍና ጫፉን ይዘው ተጓዙ። መቃብሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ጋሽ ይርዳው ጋቢያቸውን ደርበው፣ ዱላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ጋሽ ይርዳው! እርስዎ እዚህ ምን ያደርጋሉ?»

«እጠብቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ጉድጓዱን። ባለቤቱ ሳይመጣ ሌላ ሰው ቢገባበት ማን ይጠየቃል?»

የእድሩ ዳኛ ማይክሮፎኑን መታ መታ አደረጉ። «አሁን የሟች የሕይወት ታሪክ በዳይሬክተሩ ይሰማል። ታሪኩ ሳይሰማ ቀብር የለም። ቀብር ከሌለ ድንኳኑ አይፈርስም፤ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም።»

ማይክሮፎኑ የናሁሰናይ እጅ ውስጥ ገባ። እንደ ጡብ ይከብዳል።

«ሟች...» አለና ጉሮሮውን ጠረገ። «ሟች ዘበኛ ነበሩ።»

«ስማቸው?» አሉ ዳኛው።

«ድርሰቱ ላይ... ዘበኛ አንድ።»

«ስንት ዘበኛ ነበር?»

«አንድ።»

«ታዲያ ቁጥሩ ለምን አስፈለገ?»

ናሁሰናይ ማይክሮፎኑን ወደ ሌላው እጁ አዛወረ።

«የት ተወለዱ?»

«መጋዘኑ በር ላይ። ፊልሙ ሲጀምር።»

«ሚስት? ልጅ?»

«ለታሪኩ አያስፈልጉም ነበር።»

ለቀስተኛው እልል አለ። በዚያ አገር የሚያሳፍር ነገር ሲሰማ እልል ይባላል።

ናሁሰናይ በእልልታው መሐል ቆሞ አሰበ። ለመርማሪው ጥላው የሄደች ሚስት ፈልስፎለታል። ለገዳዩ ክፉ የእንጀራ አባት ሰጥቶታል፤ ያውም የሚያነክስ። ለሟቹ ግን ያደረገለት ነገር ቢኖር የቲማቲም ድልህ መግዛት ነው። አንድ ሰው እንዲሞት ይፈለጋል፤ ታሪኩ ይነሣ ዘንድ ሰውየው ይወድቃል፤ ከዚያ በኋላ ሁሉም ረግጦት ያልፋል። ደግሞ ያም በዝቶ፣ መውደቁም ይንዛዛል ተባለ። ታዲያ የእውነቶቹን ጋሽ ይርዳውስ ምን ያህል ያውቃቸዋል? አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ዝናብ ሲጥል የመጋዘኑን በር ለድመቶች ገርበብ ያደርጉታል።

«ሟች» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ዝናብ ሲጥል ለድመት በር ይከፍቱ ነበር።»

እልልታው ተቋረጠ። ወፍራሟ ሴትዮ «ይህን ይህን አውራ እንጂ!» አሉ።

ልቡ ሞላ። ሞላና አበላሸው። «እንዲያውም ጋሽ ይርዳው በፊልሜ ውስጥ ትልቅ ድርሻ አላቸው!»

ይህን እንዳለ፣ እንደ ውጭ አገር ፊልም ትርጉም፣ ደረቱ ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ቆርጬ አውጥቻቸዋለሁ።»

በሁለት እጁ ሸፈነው። ጽሑፉ ወደ ሆዱ ወረደ።

«አሟሟታቸውም እጅግ ያምር ነበር!»

«እስካሁን አልነገርኳቸውም» አለ ሆዱ።

ጋሽ ይርዳው ዱላቸውን ተደግፈው ወደ ፊት አዘነበሉ። ዓይናቸውን አጥብበው አዩ፣ ደግመው አዩ። «ምን ይላል ልጄ? መነጽሬን ቤት ትቼዋለሁ። እስቲ አንብብልኝ።»

«ምንም አይልም፣ ጋሼ።»

«እንዲህ ተንዘላዝሎ ምንም አይልም?»

«ቆይ እኔ ላንብብልዎት» አሉ ወፍራሟ ሴትዮ፤ ነጠላቸውን ሰብስበው ቀረቡና፣ ረጅም ትንፋሽ ሳቡ።

ነቃ።

አዳራሹ ያጨበጭባል። መብራት በርቷል፤ ፊልሙ አልቋል። መድረክ መሪው «አስተያየት፣ አስተያየት! አባታችን እጅ አውጥተዋል፣ ቅድሚያ ለአባት!» እያለ ማይክሮፎኑን ይዞ ወደ ኋላ ይሄዳል። ጋሽ ይርዳው የኮታቸውን ቁልፍ ሁሉ ቆልፈው ቆመዋል።

«ፊልሙ ግሩም ነው። እጅህ ይባረክ፣ ናሁሰናይ» አሉ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ሌሊቱን ተረኛ ሆኜ አድሬ ሳልተኛ ነው የመጣሁትና፣ ለካ እዚህ ወንበር ላይ ሸለብ አድርጎኝ ኖሯል። ዘበኛ ሆኜ! የኔዋን ቦታ ሳላያት አለፈችኝ።»

አዳራሹ በፍቅር ሳቀ።

«እሷ አይታኝ እንደሆነ ብዬ ብጠይቃት» አሉ ወደ ባለቤታቸው እየጠቆሙ፣ «‹እኔንም እንቅልፍ ይዞኝ ነበር› አትለኝም?»

ሳቁ ባሰ። እትዬ ዘውድነሽ አልሳቁም። ናሁሰናይን ትክ ብለው ያዩታል፤ ዓይናቸው ቅንጣት እንቅልፍ የነካው አይመስልም።

«እንግዲህ ካላስቸገርኩ» አሉ ጋሽ ይርዳው፣ «መጀመሪያዋን ብቻ፣ የምሞትባትን፣ ደግማችሁ ብታሳዩን።»

«ደስ እያለን ነዋ!» አለ መድረክ መሪው። «ከመጀመሪያው ይለቀቅ! መብራት አጥፉ!»

አጠፉት።