የ«እርስዎ ይቅደሙ» ባቡር

ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም ይባላል። እኔን ግን በቀን ነው የያዘኝ።

በሕልሜ ሐይቅ መሐል ባለች ትንሽ ደሴት ላይ እኖር ነበር። የደሴቲቱ ባቡር ኩባንያ ሠራተኞች ደጄ ላይ ተሰልፈው ደጅ ይጠኑኛል። ደስ አለኝ፤ ማንም ተሰልፎልኝ አያውቅም። ከፊት የቆሙት የጣቢያው ሹም፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ እጅ ነሥተው «ይሳፈሩልን ጌታዬ» አሉኝ።

ተሳፈርኩ። ትኬት ቆራጯ ፍየል ነበረች፤ የትኬቴን ግማሽ በልታ ግማሹን መለሰችልኝ። ባቡሩ ከመዘግየቱ የተነሣ የቸኮሉ ሰዎች ወርደው በእግራቸው ይቀድሙታል። እንዲህ ያለ ኩባንያ እንዴት እስከ ዛሬ እንደቆየ ለማወቅ ጓጓሁ።

«ታሪካችን አጭር ነው» አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። «አንድ ሐዲድ፣ ሁለት ባቡር። በምረቃው ዕለት አንዱ ከምሥራቅ፣ አንዱ ከምዕራብ ተነሥተው መሐል ላይ ተገናኙ። አንዱ ‹ይለፉ› አለ። ሌላው ‹በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ› አለ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሲለማመኑ መሸ። ሁለቱም መንገድ ልልቀቅ ብለው ወደመጡበት ተመለሱ። በማግሥቱም እንደዚያው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው።»

«ታዲያ ሰው አድርሳችሁ አታውቁም?»

«አናውቅም። ያስቀየምነው ሰው ግን የለም።»

ይህን ስንጫወት ባቡራችን ቆመ። ሌላው ባቡር አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞናል። የሚነዳው ታላቅ ወንድሜ አስናቀ ነው። በአባታችን ግቢ አጥር ተጣልተን ከተኳረፍን ሦስት ዓመታችን ነው። ከኋላው በመስኮቱ እናታችን ታየችኝ፤ ነጠላዋን ተከናንባ የሚያማትን ጉልበቷን ይዛለች። ወደ ሐኪም የሚወስዳት ጀልባ የቆመው ከእኔ ኋላ ነው። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ የባቡሩ መሪ እኔ እጅ ላይ ነበር።

«ጋሼ፣ እለፍ» አልኩት።

«በሞቴ፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ። ታላቄ አንቱ ሲለኝ ገረመኝ።

«እማዬ እንዳትዘገይ፣ እኔ ልመለስ።»

«ይሄማ አይሆንም። የምመለሰው እኔ ነኝ።»

ሁለታችንም በፍቅር ወደ ኋላ ሄድን። እናቴ በመስኮቱ ውስጥ እያነሰች፣ እያነሰች ሄደች። እጇን ታውለበልባለች፤ ደኅና ሁኑ ትበል ቁሙ ትበል አልገባኝም። ፈራሁ። «ጋሼ፣ ቁም» ብዬ ስጮህ ጥሩምባው ድምፄን ዋጠው።

ጥሩምባው አላቋርጥ ሲል ነቃሁ። የመኪናዬ መሪ ላይ ተደፍቻለሁ። ሞተሩን አጥፍቼ እልህ ስጋባ ፀሐዩ አስተኝቶኝ ኖሯል። በሰፈራችን ጠባብ መንገድ ላይ የአስናቀ መኪና አሁንም አፍንጫ ለአፍንጫ ገጥሞኛል። ጥሩምባውን የሚያስጮኸው እሱ ነው።

«ወደ ኋላ በል» አለኝ በመስኮቱ።

ሕልሙ ገና ከዓይኔ አልወጣም። አፌን ስከፍት ግን የወጣው «አንተ በል፤ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ» የሚል ነው።

የእሱ መኪና የኋላ በር ተከፈተ። እናታችን ነጠላዋን ተከናንባ ወረደች።

«በሉ እንግዲህ፣ እኔ ልቅደማችሁ» አለች።

ጉልበቷን በአንድ እጇ ይዛ፣ በሌላው የእኔን መኪና እየተደገፈች አለፈችና ወደ ሐኪም ቤቱ በእግሯ ሄደች።