ለሁለት ሲካፈል

ከቁጥር ሁሉ እንደ «በመቶ» የሚያሳዝነኝ የለም። የስንቱን ጉድ ተሸክሞ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ሪፖርት ላይ ጉብ ይላል። ዘጠና በመቶ የሆንከው ከስንቱ ነው ብሎ የሚጠይቀው ሰው የለም። ከአሥር ሰው ዘጠኙ ቢጠግብ ዘጠና በመቶ ነው፤ ከሺህ ሰው ዘጠኝ መቶው ቢጠግብም ያው ዘጠና ነው። ጾሙን ያደረው ግን እዚያ አንድ ሰው ነው፣ እዚህ መቶ ሰው። ሁለት እንዲህ ዓይነት በመቶዎችን ደምሮ ለሁለት ማካፈል በሬና ፍየል ባንድ ቀንበር መጥመድ ነው። ይህን እናንተም ታውቁት ይሆናል። እኔም አውቅ ነበር። ጣጣው እሱ ነው።

ከመቱ ብዙም በማትርቀው ቡሬ ለብዙ ዓመታት ሒሳብ አስተምሬ፣ ጠመኔው ጉሮሮዬን ሲያስቸግረኝ መቱ ወደሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ተዛወርኩ። ስሙን አልጠራም፤ ገና ደመወዝ ይከፍለኛል። እዚያ የቅጥር ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። አንድ ጊዜ ለቋሚ ሥራ ማስታወቂያ ወጣ፤ የጽሑፍ ፈተናው ከሰማንያ፣ ቃለ መጠይቁ ከሃያ፣ ድምሩ ከመቶ። የሚደመረውን ደምሮ የበለጠውን መቅጠር ነው፤ ሌላ ፍልስፍና የለውም።

መጨረሻ ላይ ሁለት ሰው ቀረ። አንዷ ዘይቱና ናት፤ የቡሬ ባለሱቅ ልጅ፣ ዓመታት በኮንትራት እየተንከራተተች የቆየች። ሁለተኛው ሰብሳቢያችን በቁልምጫ የሚጠራው ሰው ነው። ዘይቱና ከሰማንያው ሰባ ሁለት፣ ከሃያው አሥር አመጣች። ሰውዬው ከሰማንያው ሃምሳ ስድስት፣ ከሃያው ደግሞ አሥራ ስምንት። ሰማንያ ሁለት ለሰባ አራት። አለቀ።

አላለቀም። ሰብሳቢው መነጽሩን አውልቆ፣ «ቃለ መጠይቁ ተንቋል» አለ። «ሁለቱም ፈተና በመቶ ይምጣና ለሁለት ይካፈል። እኩል ይታይ።»

«እኩል» የሚባል ቃል ከተነሳ ማን ይቃወማል? ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ሒሳብ አስተማሪው እኔ ነኛ። ዝምታ ወርቅ ነው ያለው ሰው ወርቁ ለማን እንደሚደርስ አልነገረንም። ዘይቱና ዘጠናና ሃምሳ፣ ለሁለት ሲካፈል ሰባ። ሰውዬው ሰባና ዘጠና፣ ለሁለት ሲካፈል ሰማንያ። ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ውጤቱ በተለጠፈ ማግሥት ዘይቱና ቢሮዬ መጣች። አልተቀመጠችም።

«በርሲሳ» አለችኝ፤ በኦሮምኛ መምህር ማለቷ ነው፤ ቡሬ ተማሪዬ ሳለችም እንዲሁ ነበር የምትጠራኝ። «ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ሰሌዳ ላይ በዚሁ ስሕተት አቁመውኝ ነበር። መነሻው እኩል ካልሆነ በመቶና በመቶ ተደምሮ ለሁለት አይካፈልም ብለው።»

«የኮሚቴው ውሳኔ ነው» አልኳት።

«ኮሚቴው ነው ያሰላው? ወይስ እርስዎ?»

አቤቱታ ማቅረብ እንደምትችል ነገርኳት። አቀረበች። አቤቱታው ዞሮ ዞሮ ለሙያዊ አስተያየት ማን ጠረጴዛ ላይ ቢያርፍ ጥሩ ነው? እኔ ጠረጴዛ ላይ። «ስሌቱ ተመርምሮ ትክክል ሆኖ ተገኝቷል» ብዬ ጻፍኩ። አልዋሸሁም እኮ! ዘጠናና ሃምሳ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል በየትኛውም አገር ሰባ ነው።

ከወራት በኋላ አውቶቡስ ተሳፍሬ ቡሬ ወረድኩ። በአባቷ ሱቅ ውስጥ ለአንዲት ሴት ጨው እየመዘነች አገኘኋት። ሴትየዋ እስክትሄድ ጠብቄ ሁሉንም ነገርኳት፤ እያወቅሁ ማድረጌን፣ አቤቱታዋንም እኔው መመለሴን።

እስከመጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ከባንኮኒው ሥር ንጹሕ ወረቀት አውጥታ ፊቴ ዘረጋች።

«ይህንኑ ይጻፉልኝና ይፈርሙበት።»

እስክሪብቶ ኪሴ ውስጥ ነበር። «ጡረታዬ ሊደርስ ዓመት ከመንፈቅ ነው የቀረኝ፣ ልጄ» አልኳት።

ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችው። «ገባኝ፣ ጋሼ። መኪናው እንዳያመልጥዎ» አለችኝና አውቶቡሱ እስከሚቆምበት ድረስ ሸኘችኝ። በመስኮት በኩል ያለው ወንበር እንዲሰጠኝም ረዳቱን ለመነችልኝ።

መቱ ስደርስ ቀሎኝ ነበር፤ ከዚያ ፊርማ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እራቴን በደንብ በላሁ። እሷ እንዴት እንዳደረች አላውቅም።