ለሙግት የመጣች ጓደኛ

ድጋፍ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ክንድ ይይዛል፤ ሌላው «አረፍ በይ» ብሎ ከመንገድ ያወጣል። ለሁለቱም ታመሰግናላችሁ፤ ምን ይደረግ፣ አስተዳደጋችን ነው።

እኔ የሸዋ ሮቢት ልጅ ነኝ፤ አርጎባ። ለሁለተኛ ዲግሪ አዲስ አበባ ስገባ ከክፍላችን አርጎባ እኔ ብቻ ነበርኩ። ትምህርት ክፍሉ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ ብሔረሰቦች የመጣነውን ሰብስቦ፣ «አይዟችሁ» ብሎ፣ ለስላሳ ጋብዞ ሸኘን። ከዚያ ወዲያ የቡድን ሥራ በተሰጠ ቁጥር የቡድኔ ልጆች ለብቻቸው ይሰበሰቡና «ጨርሰነዋል ዘሃራ፣ አትቸገሪ፣ ስምሽን አስገብተናል» ይሉኛል። በደግነት ነው፣ ወላሂ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ይባል የለ? እነሱ የእኔንም ሎሚ ተቀብለው ባዶ እጄን አቆሙኝ።

ውጤት ሲለጠፍ ኤ አገኘሁ። ባልሠራሁት ሥራ። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አቃተኝ፤ ቤተ መጻሕፍት እገባለሁ፣ አንድ ገጽ ሳላነብ እወጣለሁ፣ ግቢውን ዞሬ ተመልሼ እገባለሁ። አንድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ አገሬ ገባሁ።

እናቴ ፊቴን አየችና «ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል እንጂ ታመሽ ተማሪ የሚል የለም፤ ይብቃሽ» አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ እዚያም ከጓዳ ደጅ፣ ከደጅ ጓዳ ስመላለስ ሰነበትኩ።

በሳምንቱ ከደጃችን ባጃጅ ቆመ። የወረደችው ከቡድኔ አንዷ፣ የደብረ ሲናዋ ትዕግስት ናት። ስሟን ያወጡላት ሰዎች ጠባይዋን አላዩም። የቆላው ሙቀት ፊቷን በርበሬ አስመስሎታል። እናቴ የሰጠቻትን ውሃ ጠጣችና ወደ እኔ ዞረች። ልታጽናናኝ መስሎኝ ነበር።

«ያሁኑ የቡድን ሥራችን ስህተት አለው። ጨርሰነዋል ብለው ሲያሳዩሽ ፊትሽን አይቻለሁ፣ ገብቶሻል። ግን ዝም አልሽ።»

«አትቸገሪ ስትሉኝ የከረማችሁት እናንተ አይደላችሁም?»

«እኔም ብያለሁ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አሁን ስህተቱን ብነግራቸው እኔንም የሚሰማኝ የለም። ተነሽ፣ አብረን እንሟገታቸው።»

ተመለስኩ። ተሟገትን፣ ተኮራረፍን፣ ሥራውን አፍርሰን እንደገና ሠራነው። «ዘሃራ ነገር ታበዣለሽ» መባል ጀመርኩ። ሰላም የነሣኝ ነገር ግን ለቀቀኝ።

የመመረቂያ ጥናቴን ባቀረብኩ ዕለት እናቴ ከሸዋ ሮቢት ወጥታ ከኋላ ተቀምጣለች። ፈታኞቹ ጨርሰው እፎይ ልል ስል ትዕግስት እጇን አውጥታ እነሱ ያልደፈሩትን ጥያቄ ጠየቀችኝ። ላብ አጠመቀኝ። እንደ ምንም መለስኩና አለፍኩ።

ስንወጣ እናቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«ያቺ ቤታችን የመጣችው ልጅ፣ ምን አድርገሻት ነው?»

«ጓደኛዬ ናት።»

እናቴ ዞራ ትዕግስትን አየቻት።

«እንግዲያው አንድ ይበቃሻል።»