ፀሐይ ቆጣቢው ሹም

ዕቃ የተሠራው ሊቀመጥ እንጂ ሊሠራበት አይደለም ብሎ የሚያምን ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት የለም። በዚህች ትንሽ ጤና ጣቢያ ይህን ከባድ አደራ የተሸከሙት ክቡር የንብረት ክፍሉ ሹም ናቸው። ሠራተኛው በሌሉበት «አቶ አይነካ» ይላቸዋል። አዲሶቹ ወንበሮች ዛሬም ከነላስቲካቸው ናቸው። አዲሱ መጥረጊያ ተቆልፎበት፣ ተመልጦ ያለቀው አሮጌው ይጠርጋል። አንድ ቀን የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ጓንት ብትጠይቃቸው፣

«ባለፈው የወሰድሽውስ?» አሏት።

«ሠራሁበት፣ ጋሼ።»

«ሁሉንም?» አሉ፣ መርዶ እንደሰማ ሰው አንገታቸውን ደፍተው።

መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ ጥቂት ቆንጥሮ ጣሪያው ላይ የክትባት ማቀዝቀዣ የሚያሠራ የሶላር ሰሌዳ ሲያስተክል፣ ከሁሉም በላይ ደስ ያላት አዋላጇ ነበረች። ክትባት ከሩቅ በበረዶ ሣጥን መጎተት ቀረላት። ፈጣሪ በነጻ ስለሚያወጣት ፀሐይም በጸሎቷ ላይ ምስጋና ጨመረች።

በክትባት ቀን ዋዜማ፣ ቀትር ላይ፣ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ቴርሞሜትሩ ክትባት ከሚበላሽበት መስመር ሊደርስ ትንሽ ቀርቶታል። ሰማዩ ግን ጥርት ያለ ነው። ወጥታ ቀና ብትል፣ ሰሌዳው በወፍራም ሸራ ተሸፍኖ፣ በገመድ ጥፍንግ ተደርጎ ታስሯል።

«ጋሼ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ፀሐይዋ ከረረች እኮ። ልትሰነጣጥቀው ነው።»

«ለፀሐይ አይደል እንዴ የተሠራው?»

«ጠዋት ጠዋት ይበቃዋል። በዚህ ሐሩር አንቺስ ደጅ ትውያለሽ?»

«እኔ ማቀዝቀዣ አላሠራም፣ ጋሼ። ነገ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው ይመጣሉ። ክትባቱ ከሞቀ ምን ብዬ ልመልሳቸው?»

የልጅ ነገር ሲነሣ የሹሙ አንጀት አይችልም። «ተበላሸ እንዴ?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«አሁኑኑ ከገለጡት ይደርሳል።»

መሰላሉን ራሳቸው አቁመው ወጡ። ገመዱም ንብረት ነውና አልቆረጡትም፤ ቋጠሮ በቋጠሮ ፈቱት። እሷ ከታች ሆና በሆዷ ያልጠራችው መልአክ የለም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ማቀዝቀዣው ቀዘቀዘ። በማግስቱ ጤና ጣቢያዋ በሕፃናት ለቅሶ ተናወጠች። አዋላጇ የመጨረሻውን ልጅ ከትባ ብትወጣ፣ ክቡርነታቸው ደግሞ ጣሪያ ላይ ናቸው። በገዛ መሐረባቸው ሰሌዳውን ይወለውላሉ። ልትቆጣ አፏን ከፈተችና ተወችው። ለካስ ጥላቸው ሰሌዳው ላይ እንዳያርፍ ብለው፣ የሚያማቸውን ወገባቸውን አጣመው፣ ክንዳቸውን ዘርግተው ከዳር ነው የሚጠርጉት።

መሰላሉ ሲወዛወዝ አየች። ሄዳ ያዘችላቸው።