የጓያ ግንብ

ሰው ቤት ባነሰው ቁጥር ግንብ ያምረዋል። ይህን የምለው ከራሴ ተነስቼ ነው። ሰበታ ዳር ሦስት በአራት የሆነች አንድ ክፍል ተከራይቼ በነበረበት ዘመን፣ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ፣ ላፕቶፔን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ ስንት ቤተ መንግሥት እንዳቆምኩ ብነግራችሁ አታምኑኝም። የሽንት ቤት ቁልፍ ከአምስት ተከራይ ጋር የምጋራ ሰውዬ፣ ድልድዩ በሰንሰለት የሚነሳ ግንብ ባለቤት ነበርኩ።

ጨዋታው እንዲህ ነው። የጥንት ፈረንጅ ንጉሥ ትሆናላችሁ። እንጨት ታስቆርጣላችሁ፣ ድንጋይ ታስፈልጣላችሁ፣ ስንዴ ታስዘራላችሁ፣ በመጨረሻ ግንብ ትገነባላችሁ። ከዚያ በኢንተርኔት ከማታውቁት ሰው ጋር ትዋጋላችሁ። የኔ አጋር የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ አቤል ነበር። እሱ አዲስ አበባ ቤቱ ሆኖ፣ እኔ ሰበታ ሆኜ፣ ሁለት ለሁለት እንገጥማለን።

ጊዜው የማስተር ፕላኑ ጊዜ ነው። የአዲስ አበባ ካርታ ወደ እኛ ሊሰፋ ነው ተብሎ ሰበታም ቡራዩም ሱሉልታም ወጣቱ አደባባይ የወጣበት፣ የጅማው መንገድ አንድ ቀን ክፍት፣ ሁለት ቀን በድንጋይ ዝግ የሆነበት። የሞተ ሰው ነበር። መንገዱ ሲዘጋ ሥራ አልሄድም፤ ሥራ ካልሄድኩ እጫወታለሁ። አትፍረዱብኝ። ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሰው እጁን የሚያሳርፍበት ነገር ይፈልጋል።

አከራዬ ኦቦ ቱፋ ከግቢያችን ጀርባ አንድ ጥማድ የምታህል የጤፍ ማሳ አላቸው። ከአባታቸው መሬት የቀረቻቸው እሷ ብቻ ናት። ሌላው ላይ እንደኔ ያለ ተከራይ በቅሎበታል። እሷንም ቢሆን ጤፉ ሲነሳ ለፕላኑ እንለካታለን ብለዋቸዋል የቀበሌ ሰዎች። ሰብል ያለበት መሬት ላይ አይገቡም፤ ባዶ ሲያገኙት ነው። ስለዚህ ጤፉ ባማረ ቁጥር የሰውየው ፊት ይከፋ ነበር። እሸት ሲያይ የሚያዝን ገበሬ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ።

ገና ዝናቡ እንደቆመ አንድ ከሰዓት፣ የቤታቸው ሶኬት ተበላሽቶ ስልካቸውን እኔ ጋ ሊሰኩ ገቡ። ጨዋታ ላይ ነበርኩ። ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ስንዴ ነው ኦቦ። የኔ ነው።»

«ደህና ይዟል።»

በዚህ መሃል ጠላት ተቃረበ። የጨዋታው ሰው ሁሉ የሚያደርገውን አደረግኩ። ከግንቡ ውጭ ያለውን እርሻ ጠላት ከሚያቃጥለው ብዬ አፈረስኩና የቀስተኛ ሰፈር ሠራሁበት። ማፍረሱ አንድ ጣት ነው የሚፈልገው።

«ገበሬዎቹስ የት ሄዱ?»

«ጠፉ።»

«የት?»

«እኔ እንጃ። ጨዋታው አያሳይም።»

«ካሳ ተሰጣቸው?»

«ለነሱ አይሰጥም። ግማሹ እንጨት ለኔ ይመለስልኛል።»

«ኤሬ፣» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ «ይሄን ጨዋታ የሠራው ሰውዬ ቀበሌ ሳይሠራ አልቀረም።»

ስልካቸውን ነቅለው ወጡ። አፈርኩ። በውሸት ስንዴ ማፈር ምን የሚሉት ነው እንዳትሉኝ፤ አፈርኩ አልኳችሁ።

ከዚያ ወዲያ እርሻ ላላፈርስ ማልኩ። በሚቀጥለው ግጥሚያ ስንዴዬን ታቅፌ ቁጭ አልኩ። አቤል በጽሑፍ ይጮህብኛል።

«አንተ ፋራ፣ እርሻውን አፍርስ እንጂ።»

«አላፈርስም።»

«ተከበናል እኮ። ስንዴ ነው ወንድሜ። የውሸት ስንዴ።»

«የውሸትም ቢሆን አላፈርስም።»

እዚህ ላይ ኢንተርኔቱ ተቆረጠ። የኛን ሰፈር ለይቶ፣ ለቀናት። ሲመለስ ጨዋታው በስሜ ላይ «ከጦር ሜዳ ሸሽቷል» ብሎ ጽፎ ጠበቀኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ኮምፒውተርን ጨምሩበት። እኔ ከሰበታ ወዴት እሸሻለሁ? መንገዱ እንደሆነ ዝግ ነው።

እኔ ስንዴዬን ሳቅፍ ኦቦ ቱፋ ግን ሥራ ላይ ነበሩ። ጤፉ ቆሞ ሳለ፣ መሬቱ እርጥበቱን ሳይጨርስ፣ በጤፉ መሃል ጓያ በተኑ። ከሰበታ አለፍ ብሎ በተጂ በኩል የታወቀ ዘዴ ነው፤ ጤፉ ሲታጨድ ከሥሩ ጓያው በቅሎ ይገኛል። ማሳው አንድ ቀን እንኳ ባዶውን አያድርም።

ጤፉ በተነሳ በሳምንቱ ለኪዎቹ መጡ። አንድ አለቃና ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች። በጠዋት ነው፤ ጓያው ጤዛ አዝሏል።

«ሰብሉ ተነስቷል ተብለን ነበር፣» አለ አለቃው።

«ጤፉ ተነስቷል፤ ይሄ ጓያ ነው፣» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ ማሳው መሃል ቆመው።

አለቃው ለጓያ ግድ አልነበረውም። «ዘልቃችሁ ለኩ» አለ። ሰዎቹ አልተንቀሳቀሱም። ጓያ ሲበሉት ብቻ ሳይሆን፣ ማሳውን በጤዛ የረገጠውንም እግሩን ይሰብራል ብሎ የማያምን የዚህ አገር ሰው ጥቂት ነው።

«አለቃ፣ ጓያ ነው እኮ፣» አለ ሜትር የያዘው።

«ቢሆንስ? የሚሰብረው ሲበሉት ነው።»

«እንግዲያው እርስዎ ይቅደሙና እንከተል።»

አለቃው ማሳውን አየ። ጫማውን አየ። ከዚያ፣ የሚያስቸኩለው ነገር ሳይኖር፣ ሰዓቱን አየ።

«ሲታጨድ እንመጣለን» አለ።

«ኧረ ግቡ ልጆቼ፣» አሉ ኦቦ ቱፋ፣ «ምን ዳር ያስቆማችኋል?»

አልገቡም። እኔ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ ሳቄን ዋጥኩ።

ጓያው ሳይደርቅ ማስተር ፕላኑ ቀረ ተባለ። ሰፈሩ ተደሰተ። እኔም ለኦቦ ቱፋ ላበስር ሮጥኩ። ማሳቸው ውስጥ አጎንብሰው አረም ይነቅላሉ።

«ቀረ አሉ ኦቦ።»

«ማን አለ?»

«ሬዲዮ።»

«ሲመጣስ በሬዲዮ ነበር የመጣው?» ቀና እንኳ አላሉም። «በል ግባና አግዘኝ። ይሄ እንደተነሳ የወንዙን ውሃ ስበን ድንች እናስገባበታለን።»

ዳሩ ላይ ቆምኩ። ጓያ የሚጎዳው ለወራት ሲበሉት ብቻ እንደሆነ አንብቤያለሁ። በአለቃው የሳቅሁትም እኔ ነኝ። እግሬ ግን አላነበበም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አሉኝ።

«ምንም።»

ሱሪዬን ሰበሰብኩና ገባሁ። ማሳውን እስካሁን የለካው የለም። እግሬም ደህና ነው።