ጋሽ ሙሉጌታ እና የቅዳም ሹሩ ሣር

ጀማሪ ሲያይ ዝም ማለት የማይሆንለት ሰው የሌለበት ሰፈር አገራችን ውስጥ የለም። ቤት ልሥራ ስትሉ መሠረቱን ይነቅፋል፤ ዶሮ ላርባ ስትሉ ስለ ፈንግል ያረዳችኋል። ለእኛ ለምሥራቅ ክፍለ ከተማ ሰዎች የተሰጡን ክቡር ጋሽ ሙሉጌታ ናቸው፤ የጀማሪዎች ሁሉ የበላይ ጠባቂ፣ የውሃ ውስጥ ተክል ሊቅ፣ ሳይጠሯቸው አቤት ባይ።

እኔም ጀማሪ ሆኜ እጃቸው ላይ ወደቅሁ። እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነበር የምትተኛው። ሐኪሙ አጥንቱ ገጥሟል፣ ካልተገላበጠችና ካልተቀመጠች ግን አትነሣም ይላል፤ እሷ “ተዉኝ” ከማለት ሌላ ቃል የላትም። ድሮ ጠዋት ጠዋት ሐይቁ ዳር ካልሄደች ቀኑ የማይነጋላት ሴት ነበረች። ሐይቁን ወደ እሷ ላምጣላት ብዬ አኳሪየም ገዛሁና አልጋዋ አጠገብ አቆምኩ። የፕላስቲክ አበባ፣ ቀያይ ዓሦች፣ መብራት፣ ምን የቀረ ነገር አለ! ዓሦቹ ሳምንት ሳይሞላቸው ተገልብጠው ተንሳፈፉ። እናቴ አንዴ በትከሻዋ በኩል አየቻቸውና “ሬሳ ልታሳየኝ ነው?” ብላ ወደ ግድግዳዋ ተመለሰች። ያን ጊዜ የምር ፈራሁ።

ወሬው በምን እንደደረሳቸው እንጃ፣ ጋሽ ሙሉጌታ በማግስቱ ከተፍ አሉ። የፕላስቲኩን አበባ በሁለት ጣታቸው አንጠልጥለው አወጡት።

“ይኼ ምን ይበላል?”

“ፕላስቲክ ምን ይበላል ጋሼ?”

“እኮ! ዓሣ ይበላል፣ ያቆሽሻል። ቆሻሻውን የሚበላለት ተክል ከሌለ የገዛ ቆሻሻው ይገድለዋል። መጀመሪያ ሣሩ፣ ከዚያ ዓሣው!”

ሱቅ ያየሁትን ቆንጆ ባለ ሰፊ ቅጠል ተክል አነሣሁላቸው። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

“እሱ አንድ ቅጠል እስኪያወጣ አልጌ የሚሉት አረንጓዴ ዝልግልግ ቤቱን ይወርሰዋል። ዝግተኛ ተክል ለባለሙያ ነው። ለጀማሪ ቶሎ የሚያድግ፣ ከጥፋቱ የሚፈጥንለት!”

ከሐይቁ ነቅዬ ላምጣ ስላቸው ደግሞ ቀንድ አውጣውንና አልቅቱን አብሬ እንደማስገባ ለእኔም፣ ለእናቴ ጀርባም አስረዱ። ከራሳቸው ገንዳ ረጅሙን ሣር ሊያመጡልኝ ቃል ገብተው ሄዱ።

ቃላቸውን የጠበቁት ቅዳም ሹር ጠዋት ነው። እኔ ጓሮ ሆኜ ሲያንኳኩ አልሰማሁም፤ እርጥቡን ሣር በፌስታል በሩ ላይ አንጠልጥለው ተመለሱ። እህቴ አስካለ ከቤተ ክርስቲያን ስትመጣ አገኘችው። በቅዳም ሹር ጠዋት በር ላይ የተንጠለጠለ ለምለም ሣር ምን ሊሆን ይችላል? ካህናቱ ያደሉት ቄጤማ ነው ብላ ተሳለመችው። ራሷ ላይ አሰረች፣ ለእናቴም አሰረችላት፣ የቀረውን ሥሩን እየቆረጠች ወለሉ ላይ ጎዘጎዘችው።

ረፋዱ ላይ ጋሽ ሙሉጌታ ተከላውን ሊቆጣጠሩ መጡ። ወለሉን አዩ፤ የአስካለን ግንባር አዩ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ጫማቸውን አወለቁ፣ ተንበረከኩ፣ ሣሩን እያነሡ ሥር ፈለጉ። ከወለሉ ምንም ሲያጡ ዓይናቸው አልጋው ላይ አረፈ።

“እትዬ አበበች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ራስዎ ላይ ያለው ሥር አለው።”

እናቴ ፊቷን ከግድግዳው ሳትመልስ ራሷ ላይ ያለውን ሣር በእጇ ዳበሰች።

“ከጎተትኩት ይበጠስብኛል። እባክዎ ወደዚህ ይዙሩልኝ።”

እናቴ ዞረች። ቀስ ብላ፣ እያቃሰተች፣ በሙሉ ሰውነቷ ዞረችና የተንበረከኩትን ጋሽ ሙሉጌታን ትኩር ብላ አየቻቸው።

“ውሰደው ሙሉጌታ፤ እኔ ላይ አይበቅልም” አለች። ከዚያ ሳቀች። እኔ ጓሮ ወጥቼ አለቀስኩ።

ከራሷ ላይ የተፈታው ቄጤማ አኳሪየሙ ውስጥ ተተከለ። ሣሩ ከቀን ወደ ቀን ይረዝማል፣ ከጎኑም ልጅ ያወጣል። እናቴ “ዛሬ ደግሞ ጨምሯል” ለማለት ፊቷን ወደ ክፍሉ አድርጋ መተኛት ጀመረች፤ ጫፉ የውሃው አናት ላይ ሲደርስ ለማየት ደግሞ ተደግፋ ተቀመጠች። ክቡርነታቸው ዓሣ የፈቀዱልን ከስንት ልመና በኋላ ነው።

ሰሞኑን የአክስቴ ልጅ ፋሲል ሊጠይቃት መጥቶ አኳሪየም ሊገዛ እንደሆነ አወራ። “ዓሦቹን መርጫለሁ” ከማለቱ እናቴ ምርኩዟን ይዛ ብድግ አለች።

“መጀመሪያ ሣሩ!”

እስኪመሽ አልለቀቀችውም። አንድ ጋሽ ሙሉጌታ ለአንድ ሰፈር ይበዛል እል ነበር። ይኸው ሌላ ቤቴ ውስጥ በቀለልኝ፤ ለሁለቱም ዕድሜ ይስጥልኝ።